ተራራውን የበላ ወለል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ ወለል ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ቤት ወለል።

የድሮ የኮሪያ ገጠር ቤት ኦንዶል የሚባል ወለል አለው። ወጥ ቤት ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ጭሱና ሙቀቱ በድንጋይ ንጣፍ ሥር አልፎ በወዲያኛው ጎን ይወጣል። ድንጋዩ በጭቃ ተመርጎ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሩዙን ያበሰለው እሳት ክፍሉንም ያሞቃል። ለምድጃው የሚቀርበው ቦታ የአያት ወይም የእንግዳ ነው። እኔ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው ያደግሁ ሰው ነኝና ቀናሁ፤ እዚያ ጭስ እንኳ ሥራ ተሰጥቶታል።

ብልሃቱ ግን ማገዶ ይበላል። ጥንት በትልልቅ ቤቶች እንኳ ኦንዶል ያለው ክፍል ለአዛውንትና ለታማሚ የሚተው ነበር። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በየጎጆው ገባ። ያኔ ኮሪያን ይገዙ የነበሩት የጆሰን ነገሥታት ጥዱን ለመርከብና ለቤተ መንግሥት ሥራ ብለው ከልክለዋል፤ የሚበርደው ሰው ግን አዋጅ አይሰማም። ገበሬው ጂጌ የተባለውን የእንጨት መሸከሚያ በጀርባው አዝሎ ተራራ ይወጣል። ግንዱ ሲያልቅ ቅርንጫፉን፣ እሱም ሲያልቅ የረገፈውን የጥድ ቅጠል በቀርከሃ መጫሪያ እየሰበሰበ ይወርዳል። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ቅጠሉ የአፈሩ ምግብም ልብስም ነበር። ራቁቱን የቀረው አፈር በዝናብ ታጥቦ ሩዝ ማሳው ላይ ይደፋል።

የእኛ ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ቡሳን ወርዶ በተራራማው ግንባር ተዋግቷል። የዚያን ጦርነት ፎቶግራፎች ሳይ ዓይኔ ከወታደሮቹ ኋላ ወዳሉት መላጣ ኮረብታዎች ይሄዳል። ለዚህ ቦምቡን መውቀስ ይቀልላል፤ የጃፓን ቅኝ ገዢዎችም እንጨቱን ቆርጠዋል። ምድጃው ግን ሁለቱንም ቀድሟቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በ10 ዓመት 1 ሚሊዮን ሄክታር ደን ለማልማት አቀደ፤ በ1978 ጨረሰ። ስለ ችግኙ ሁሉም ያወራል። በዚያው በ1973 ግን የደን መሥሪያ ቤቱ ከግብርና ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ ማለትም ፖሊስን ወደሚያዝዘው። ደን እያቃጠሉ የሚያርሱት ገበሬዎችም ከተራራው እንዲነሱ ተደረገ። በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ይህም አለበት።

ችግኙን ከምድጃ ያዳነው በአመዛኙ ዮንታን ይመስለኛል፤ መጀመሪያ በከተማ፣ ኋላም በገጠር። ከድንጋይ ከሰል ዱቄት የተጨመቀ፣ ብዙ ጊዜ 22 ቀዳዳ ያለው ጥቁር የከሰል ጡብ ነው። በእንጨቱ ፈንታ ምድጃው ውስጥ ቀዳዳ ለቀዳዳ አጋጥመው በጉጠት ይደራርቡታል። እሳቱ እንዳይጠፋ በሌሊት ተነስቶ መቀየር አለ። አመዱን ሰው እንዳያንሸራትት በረዶ በያዘው መንገድ ላይ ይደፉታል። ወለሉ ከተሰነጠቀ ግን ሽታ የሌለው ጋዝ ይገባል፤ ማታ ተኝተው ጠዋት ያልተነሱ ብዙዎች ናቸው። ጋዙ ያዞረውን ሰው የኪምቺ ውኃ ያጠጡት ነበር። ምስኪኖች፣ ሌላ ምን ያድርጉ?

ዛሬ ወለሉ በአብዛኛው በጋዝ፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ተራራው በዛፍ ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በደቡብ ኮሪያ ከኡይሶንግ አውራጃ የተነሳው እሳት በነፋስ እየተገፋ፣ የአንዶንግን ከተማ አልፎ እስከ ምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ደረሰ። ጥድ ሙጫው ያነድደዋል። ከሥሩ የረገፈውን ደረቅ ቅጠል ደግሞ አሁን ለማገዶ ብሎ የሚጭረው የለም።