የሙሽራ ቬሎና የመልስ ቀሚስ አመራረጥ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ቁመቴ አጭር፣ ዳሌዬ ሰፋ ያለ ነው። ጠዋት ተክሊል፣ ከዚያ አዳራሽ አለ። ከወገቡ በጣም የሚነፋ ቬሎ ወድጄ ነበር፤ ይሆነኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ቬሎ ወገብሽ ላይ ቆርጦ ለሁለት ስለሚከፍልሽ ይበልጥ ያሳጥርሻል። ከወገብሽ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተቆረጠና ወደ ታች ቀስ እያለ የሚሰፋ ምረጪ፤ እግርሽን ያስረዝማል፣ ዳሌሽ ላይም አይጣበቅም። በተክሊል ካባው ከላይ ስለሚደረብ የተነፋ እጅጌና ትከሻ ላይ የተሰፋ አበባ ከሥሩ ይጨማደዳል። ጠበብ ያለ የዳንቴል እጅጌ ለቤተ ክርስቲያኑም ለካባውም ይመቻል።

ስትለኪ መስታወት ፊት መቆም ብቻውን አይበቃም። ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ እስክስታም ውረጂ። ማንገቻ የሌለው ቬሎ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይንሸራተታል። ብዙዎች ደረቱን ያስጠብባሉ፤ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ አይዝም። ቬሎን የሚሸከመው ወገብ ነውና ከውስጥ፣ ልክ ወገብሽ ላይ፣ የማይለጠጥ ጥብቅ ቀበቶ አሰፊበት። የኪራይ ከሆነ ከጀርባ በክር የሚታሰረው ከባለ ዚፑ ይሻላል፤ ብትከሺም ብትወፍሪም ይስተካከላል። ርዝመቱን ያለ ሠርግሽ ጫማ አታስቆርጪ። ጫማውን አድርገሽ ከፊት ከወለሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ስትጨፍሪ ትረግጪዋለሽ።

ጥያቄ (እናት፣ ከአዲስ አበባ)፦ ልጄ ዋሽንግተን ናት። የመልስ ቀሚሷን ሽሮሜዳ ላሠራላት ነው። ልኳን በስልክ ብትነግረኝ ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል፣ ግን ሌላ ሰው ይለካት፤ ራሷ ስትለካ ጎንበስ ስለምትል ርዝመቱ ይዛባል። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ጫማ አድርጋ ከትከሻ እስከ ወለል። የክንድ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሸማ ስለማይለጠጥ ቀሚሱ የሚጠባት እዚያ ላይ ነው። ሰፊው በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተውላት።

ሸማው ሳይቆረጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይድረቅ። የእጅ ፈትል ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ የጥበቡ ክር ግን እኩል አይሰበሰብም፤ ከተሰፋ በኋላ ከታጠበ ጠርዙ ይሸበሸባል። ቀለም እንዳይለቅ ግን አስቀድመው ጥበቡን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሸት አድርገው ይፈትሹት። አጭር ከሆነች ጥበቡ ከደረት ቀጥ ብሎ ይውረድላት። ረጅም ከሆነች ከታች ሰፊ ጥበብ ያምርባታል፤ ክብደቱ ስሱን ሸማ እንዳይጎትተው ግን ገበር ያስገቡለት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጠይም ነኝ፤ ነጭ ነው የወተት ቀለም የሚሻለኝ?

መልስ፦ ሁለቱንም አንገትሽ ሥር አስጠግተሽ በቀን ብርሃን፣ ከሱቁ ደጅ እያቸው፤ የሱቅ አምፖል ያታልላል። ለጠይም ፊት ብዙ ጊዜ የወተት ቀለም ይለሰልሳል። ከመረጥሽው ግን የሚዜዎችሽን ልብስ በረዶ የመሰለ ነጭ አታድርጊ፤ አጠገቡ ስትቆሚ ያንቺ ያደፈ ይመስላል።