ከአውጫጭኝ እስከ አሻራ

እንደምን አመሻችሁ! የጣናን ነፋስ ትታችሁ እዚህ አዳራሽ ስለገባችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ ፎረንሲክ ሳይንስ፣ ማለትም ወንጀልን በሳይንስ ስለመመርመር፣ ታሪክ አውራ ተብያለሁ። ከፊልም የምጀምር መስሏችሁ ከሆነ፣ የምጀምረው ከአውጫጭኝ ነው። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደል አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ካልታወቀ ካሳው የሁሉም ዕዳ ነው። ሌባ ሻይም ነበር፦ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት አለቀለት። በአውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ይጠየቃል። ለሌባ ሻይ ግን ጥብቅና አልቆምም።

ፈረንጁም ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 አርጀንቲና ውስጥ ሁለት ሕፃናት ተገደሉ። እናታቸው ፍራንሲስካ ሮሃስ ጎረቤቷን ጠቆመች። ሰውየው ቢደበደብ ቢሰቃይ አላመነም። በኋላ አንድ መርማሪ በር ላይ በደም የታተመ አሻራ አየና እንጨቱን ቆርጦ ወሰደው፤ ሁዋን ቩሴቲች ባደራጀው የአሻራ ዘዴ ሲመሳከር የእናትየዋ አውራ ጣት ሆኖ ተገኘ። እሷም አመነች። እስቲ መርማሪው በሩን ልብ ባይለው ብላችሁ አስቡ፣ ያ ምስኪን ጎረቤት ምን ይውጠው ነበር?

ዲኤንኤም፣ ማለትም በሰውነታችን ውስጥ ያለው የዘር መለያ፣ እንደዚያው ነው። ሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ ውስጥ ያገኘው ሰውን በዲኤንኤ የመለየት ዘዴ ለግድያ ምርመራ ሲውል፣ ገዳዩን ከመያዙ በፊት «እኔ ነኝ» ብሎ ቃሉን የሰጠ የ17 ዓመት ልጅ ነፃ አወጣ። ያልሠራውን አምኖ! ገዳዩ የተያዘው በ1987 ነው።

አሁን ወደ ሐይቃችን። አስከሬን ከውሃ ሲወጣ ዋናው ጥያቄ ሰውየው ሰምጦ ሞተ ወይስ ሞቶ ተጣለ ነው። በሐይቅ ውሃ ውስጥ ዳያተም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ነገሮች አሉ። ሰው በሕይወት እያለ ከሰመጠ ውሃው ሳንባው ይገባል፣ ልቡ እየመታ ስለሆነ ዳያተሙ በደም ተወስዶ እስከ መቅኔ ሊደርስ ይችላል። ልቡ ከቆመ ግን የሚያደርሰው የለም። ሐኪሞች ይህን ምርመራ ለብቻው አያምኑትም፤ ዳያተም ከምግብና ከሚጠጣ ውሃም ሊገባ ይችላልና።

ስለዚህ ልለምናችሁ፦ ሐዘን ያስቸኩላል፣ ቢሆንም ፖሊስና ሐኪም ሳያዩት አስከሬን አይታጠብ፣ አይገነዝ። መርማሪውንም አስከሬኑ ከተገኘበት ቦታ ውሃ ቀድቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ በአስከሬኑ ውስጥ ያለው ዳያተም ከውሃው ጋር የሚመሳከረው በዚያ ነውና።

በሉ ጥያቄ። እነዚያ ከኋላ የተደበቃችሁት የሕግ ተማሪዎች፣ ከእናንተ እንጀምር።