ውሻው ቀድሞ ጮኾ ነበር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፣ ቻሉኝ።

ሐረር ተወልዶ ስለ ጅብ የማያወራ የለም። እንግዳ ሲመጣብን ማታ ከግንቡ ውጭ ወስደን ጅብ ሥጋ ሲጎርስ እናሳየዋለን። የጀጎል ግንብ ራሱ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። በአሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። "የሐረር ጅብ ሰው አይነካም" እያልን ነው ያደግነው። እኔም ብያለሁ፣ ያውም ደረቴን ነፍቼ።

አምና ሰፈራችን ውስጥ ነገሩ ተቀየረ። መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ የሥጋ ቤት አጥንት መጣል ተጀመረ። የመንገዱ መብራት ከጠፋም ቆይቷል። ድሮ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ብቅ የሚለው ጅብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ልጆች ኳስ ሳይጨርሱ መምጣት ጀመረ። ድንጋይ ሲወረወርበት አይሮጥም። ዞር ብሎ ያያል። ከዚያ የጎረቤታችንን በግ ወሰደ።

ማመልከቻ ጻፍን። አጥንቱ ይነሳ፣ መብራቱ ይሠራ፣ ስለ አውሬ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይይልን፣ አልን። መዝገብ ቤት ቅጂያችን ላይ "ገቢ" የሚል ሐምራዊ ማህተም መቱበት፤ ቁጥሩና ቀኑ በእስክሪብቶ። ከዚያ መመላለስ ነው። አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ኃላፊው የሉም። በሦስተኛው፣ ይቺን ስሙኝማ፣ "የሐረር ልጆች አይደላችሁም እንዴ? ጅብ ትፈራላችሁ?" ተባልን። እኛም ሳቅን። እስከዛሬ የሚያናድደኝ የራሳችን ሳቅ ነው።

ከወር በኋላ የሰፈሩ ዘበኛ፣ አባባ የምንላቸው፣ እንቅልፍ ሸለብ እንዳረጋቸው ክንዳቸውን ተነከሱ። ተመስገን ተርፈዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ጀመሩ። አጥንቱስ? በማግስቱ ተነሳ። በማግስቱ! ለካ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይባላል። እኛ ጋ ውሻው ቀድሞ ነው የጮኸው። ማህተም ሁሉ አለው።

ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ሕጉን አገላበጥኩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሻ ቢነክስህ ባለቤቱ ይጠየቃል። ጅብ ግን የማን ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ፍትሐ ብሔሩ ደግሞ አንቀጽ 2126 ላይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ይክሳል፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ለጅቡ ማንም ይከሰስ አላልኩም። ጅብ ጅብ ነው፣ አጥንት ካገኘ ይመጣል። እኔ የምጠይቀው ስለ ወረቀቱ ነው። ያን ሁሉ ቀን የማን ጠረጴዛ ላይ ነበር? ይህን የጠየቀ የለም። "ተስተካክሏል" ተባለ፣ አለቀ።

ባለፈው ቅጂውን ለአባባ ሰጠኋቸው። ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። "ከመነከሴ በፊት ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አራት ቦታ አጥፈው ከክትባት ካርዳቸው ጋር ኮታቸው ኪስ ከተቱት።