በጃፓን የሸክላ አርቲስት የሚኮነው እንዴት ነው?

(ምስል፦ የማሺኮ ከተማ ዋና መንገድ፤ በየሱቁ ደጃፍ የተደረደሩ ሳህኖች፣ ኩባያዎች፣ ማሰሮዎች)

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ጃፓን ሸክላ ሲወራ አብዛኞቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ተራራ ሥር ያለች ጎጆ፣ ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ፣ ጭስ የሚተፋ እቶን። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙያ። ውሸት አይደለም። ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። በቀረው ግማሽ ውስጥ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አለ፣ ላቦራቶሪ አለ፣ ገበያ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ለዘመናዊው የጃፓን ሸክላ ትልቁን ውለታ የዋለው ያ የማይወራለት ግማሽ ነው።

ከሐማዳ ሾጂ እንነሳ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሐማዳ የተወለደው በ1894 ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነነ የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች ከፊት የሚሰለፍ ሰው ነው። ከቶኪዮ በስተሰሜን ባለችው ማሺኮ፣ ከገበሬዎች ጋር ተጎራብቶ ኖረ። የማሺኮን ጭቃ አቡክቶ የአገሬው ሰው የሚገለገልበትን ዓይነት ዕቃ ሠራ። ፎቶውን ያየ ሰው "የገጠር ባለሙያ ነው" ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ሰውየው ግን በቶኪዮ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሴራሚክ ትምህርት ተከታትሎ በ1916 የተመረቀ ነው። ከዚያ በኪዮቶ ከተማ የሴራሚክ ምርምር ተቋም ተቀጠረ። እዚያ የጠበቀው የትምህርት ቤት ታላቁ ካዋይ ካንጂሮ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ወደ 10,000 የሚጠጉ የልባጥ ዓይነቶችን እንደሞከሩ ይነገራል።

ልባጥ ስል በሸክላው ላይ የሚፈሰውን፣ እሳት ሲያገኘው እንደ መስታወት የሚሆነውን ሽፋን ማለቴ ነው። አመድ፣ የተፈጨ ድንጋይ፣ ትንሽ የብረት ዝገት፤ ነገሩ ይኸው ነው። ተንኮሉ እሳቱ ላይ ነው። ብረት ያለበትን ልባጥ እቶኑ ውስጥ እንደ ልብ አየር እየገባ ብትተኩሱት ቡናማ ወይም የማር ቀለም ይወጣዋል። አየር አሳጥታችሁ ብትተኩሱት ያው ልባጥ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ በግምት አይሆንም። መዝኖ፣ ጽፎ፣ ተኩሶ፣ አበላሽቶ፣ እንደገና መመዘን ነው። ሐማዳና ካዋይ ያደረጉት ይህንን ነው።

ሐማዳ በ1920 ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ከበርናርድ ሊች ጋር ወደ እንግሊዝ ሄደ። ሴንት አይቭስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ አብረው እቶን ሠሩ። ማሺኮ የገባው ከዚያ ሲመለስ ነው። ማለትም ገጠሩን የመረጠው ላቦራቶሪውንም ውጭ አገሩንም አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ካረጀ በኋላ ልባጥ በጭልፋ ሲያፈስ ያየ አንድ ጎብኚ "15 ሰከንድ ብቻ? አልፈጠነም እንዴ?" ብሎት ነበር አሉ። ሐማዳም "15 ሰከንድ ሲደመር 60 ዓመት" ብሎ መለሰለት።

(ምስል፦ ጭቃ የሚያቦኩ እጆች በቅርበት)

አሁን ወደ ደቀ መዝሙርነቱ። በጃፓን ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ። ጭቃ ማቡካት ሦስት ዓመት፣ መንኮራኩር አሥር ዓመት ይላል። መንኮራኩር ሲባል ጭቃው ላዩ ላይ እየተሽከረከረ ቅርፅ የሚይዝበት ክብ ገበታ ነው። ቁጥሩን ቃል በቃል አትውሰዱት። ትዕግሥት ለማስተማር የተባለ ነው።

የማቡካቱን ነገር ግን ጠጋ ብለን እንየው። ጭቃው እንደ ሊጥ ክብ ይደረጋል። ሠሪው በአንድ እጁ መዳፍ ይጫነዋል፣ በሌላው ትንሽ ያዞረዋል። ጫን፣ ዞር፣ ጫን፣ ዞር። በትክክል ከተሠራ የጭቃው ፊት ላይ እጥፋቶቹ ክብ ሠርተው የክሪሳንተመም አበባ ቅጠል ይመስላሉ። ስሙም "ኪኩኔሪ" ነው፤ ኪኩ ያ አበባ ነው። ሥራው ለማማር አይደለም። ጭቃው ውስጥ አየር ከቀረ መንኮራኩር ላይ ግድግዳው ይጣመማል፤ እሳት ውስጥ ሲገባም ጣጣ ያመጣል።

አዲስ ደቀ መዝሙር መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ መጥረግ፣ እንጨት መከመር፣ ጭቃ ማዘጋጀት ነው። ቀስ በቀስ ትናንሽ ስኒዎች ይሰጡታል። አንድ ዓይነት ስኒ፣ በመቶ የሚቆጠር። የሚሠራው በራሱ ስም ሳይሆን በወርክሾፑ ነው። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አስተማሪ ብዙም የለም። ሙያ በልብ ነው፤ አይቶ መስረቅ ነው። ይህን አሠራር የሚያደንቁ ብዙ ናቸው። እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ። አንዳንዱ ጌታ እውነትም በዝምታ ያስተምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ርካሽ ጉልበት ነው የሚፈልገው። ልዩነቱ የሚታወቀው ደቀ መዝሙሩ ሲወጣ የሚሠራውን በማየት ነው።

በዚህ ሐማዳ ምስጉን ነው። ማስረጃው ሺማኦካ ታትሱዞ ነው።

ሺማኦካ በ1919 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የጌጥ ገመድ ጎንጓኝ ነበሩ። እሱም እንደ ሐማዳ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሴራሚክ ተምሯል። ገና ተማሪ ሳለ ማሺኮ ሄዶ ሐማዳን ደቀ መዝሙር እንዲያደርገው ለምኖት ነበር። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወታደር ሆኖ ወደ በርማ ተላከ፤ ተማረከ። በ1946 አገሩ ተመልሶ በቀጥታ ወደ ማሺኮ አቀና።

ከሐማዳ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ቀጥሎ የገባው በቶቺጊ አውራጃ የሴራሚክ ምርምር ጣቢያ ነው። እዚያ ለትምህርት ቤቶች መርጃ የሚሆኑ የጥንታዊ ሸክላ ቅጂዎችን በመሥራት ተሳተፈ። ከነዚህ ውስጥ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት የተሠሩት የጆሞን ሸክላዎች ይገኙበታል። በጆሞን ሸክላ ላይ ያለው ጌጥ በአብዛኛው እርጥብ ጭቃ ላይ ገመድ በማንከባለል የተገኘ ነው።

ገመድ! የገመድ ጎንጓኝ ልጅ ነው እኮ።

በ1953 የራሱን እቶን ሲሠራ ሸክላዎቹ የሐማዳን ይመስሉ ነበር። ሐማዳ የራሱን መንገድ እንዲፈልግ ይገፋፋው ነበር። ሺማኦካ የአባቱን ሙያ ከጆሞኑ ጌጥ ጋር አገናኘ። ግማሽ በደረቀ ማሰሮ ላይ ገመዱን ያንከባልላል። የገመዱ አሻራ ጎድጉዶ ይቀራል። በላዩ ነጭ የጭቃ ውሃ ይቀባል። ሲደርቅ የላይኛውን ይፍቀዋል። ነጩ በጉድጓዶቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በ1996 "ሕያው ብሔራዊ ቅርስ" የተባለው፣ ማለትም የጃፓን መንግሥት ለላቁ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ማዕረግ ያገኘው፣ በዚህ ሥራው ነው።

(ምስል፦ ካርታ፤ ታጂሚ፣ ኪዮቶ፣ አሪታ)

ዛሬ ሸክላ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ጌታ ደጅ የመጥናት ግዴታ የለበትም። ጊፉ ውስጥ ታጂሚ የምትባል የሴራሚክ ከተማ አለች። ከተማዋ ራሷ የምታስተዳድረው የሴራሚክ ዲዛይንና ቴክኒክ ማሠልጠኛ በ1959 ተቋቁሟል። ኪዮቶም የራሷ ማሠልጠኛዎች አሏት። የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲዎቹም አሉ። ብዙዎቹ ታዲያ ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። ኩዋታ ታኩሮን ውሰዱ። በ1981 ሂሮሺማ ተወለደ፣ ኪዮቶ ኮሌጅ ተማረ፣ አንድ ሸክላ ሠሪ ዘንድ ደቀ መዝሙር ሆነ፣ ከዚያ ታጂሚ ገብቶ በ2007 ጨረሰ። ሥራው በደማቅ ሮዝና ቢጫ ልባጥ የተለበጠ፣ ልባጡ ተሰነጣጥቆ የሚንጠባጠብ፣ ወርቅና ፕላቲነም የፈሰሰበት ስኒ ነው። የሻይ ሥርዓት ያሳደጋቸው ሽማግሌዎች ሊደነግጡ ይችላሉ። የልባጥ መሰንጠቅ ግን በሻይ ስኒዎች ላይ ድሮም የሚወደድ ነገር ነው። ኩዋታ ድምፁን ከፍ አደረገው እንጂ አልፈጠረውም።

ከእሱ በፊት የባሰ ያስደነገጡም ነበሩ። በ1948 ኪዮቶ ውስጥ ያጊ ካዙኦ፣ ሱዙኪ ኦሳሙና ያማዳ ሂካሩ ያሉበት "ሶዴይሻ" የተባለ ቡድን ተመሠረተ። ያጊ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። በ1954 ያቀረበው ሥራ በመንኮራኩር የተሠራ ቀለበት ነው፤ ዙሪያውን ቱቦዎች ተተክለውበታል። ውሃ አይቀዳበትም፣ አበባ አይሰካበትም። ያጊ ቆይቶ በኪዮቶ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። አስደንጋጩ መምህር ሆነ ማለት ነው።

ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ስለሚያወርሱት ቤተሰቦችስ? አሉ፣ ጠንካራም ናቸው። አሪታ ውስጥ የካኪኤሞን ቤት 15ኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። የቤቱን ኃላፊነት የሚረከበው ሰው ስሙን በሕግ ጭምር ቀይሮ ካኪኤሞን ይባላል። የአሁኑ በ2014 ተረክቧል። የሚገርመው እነዚህ ቤቶች ልጆቻቸውን የሚልኩት ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር እንዲማሩ ነው። 14ኛው ካኪኤሞን ሥዕል ተማረ። የሌላው የአሪታ ቤት 14ኛ ኢማኤሞን የብረታ ብረት ጥበብ። በሻይ ስኒ የታወቀው የኪዮቶው የራኩ ቤት 15ኛ ኪቺዛኤሞን ቅርፃ ቅርፅ ተምሮ ጣሊያን ድረስ ሄዷል። ሸክላውን እቤት ያገኘዋል፤ ከውጭ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይን ነው።

ሴቶች ለረጅም ጊዜ በሩ ተዘግቶባቸው ቆይቷል። በብዙ ቦታ ሴት ወደ እቶን እንዳትጠጋ ይከለከል ነበር። በሩን የከፈተው ከጦርነቱ በኋላ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ሴቶችን መቀበላቸው ነው። ቱቦይ አሱካ በ1957 ኪዮቶ ውስጥ የሴት ሸክላ ሠሪዎች ማኅበር መሠረተች። በኩታኒ ሸክላ የታወቀው የቶኩዳ ያሶኪቺ ስም በ2010 ለሴት ልጅ ተላልፏል፤ አራተኛዋ ናት። በ2023 ደግሞ ኢናዛኪ ኤሪኮ የሎዌ ፋውንዴሽንን ዓለም አቀፍ የዕደ ጥበብ ሽልማት አሸንፋለች። ሥራዋ እጅግ ደቃቅ የሴራሚክ ቁርጥራጮች አንድ በአንድ እየተደራረቡ የሚገነባ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በረዶ የተጋገረበት ይመስላል።

(ምስል፦ ክዳኑ የተከፈተ የእንጨት ሣጥን)

ወደ እንጀራው ጉዳይ እንምጣ። "ሕያው ብሔራዊ ቅርስ" መባል በ1955 ሲጀመር ከሸክላ አራት ሰዎች ተመረጡ፤ ሐማዳ አንዱ ነው። መንግሥት ለተመረጠው ሰው በዓመት 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል። ገንዘቡ ሙያውን ለማሻሻልና ተተኪ ለማፍራት የታሰበ ነው። ካዋይ ግን ማዕረጉን አልቀበልም አለ። ብዙ ሰው እዚያ አይደርስም። በየዓመቱ የሚካሄደው የባህላዊ ዕደ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ማለፍ፣ ጋለሪ ማግኘት፣ በትልልቅ የገበያ አዳራሾች ፎቅ ላይ ለብቻ ማሳየት፤ መንገዱ ይህን ይመስላል።

ከፍ ያለ ሥራ በእንጨት ሣጥን ነው የሚሸጠው። ሠሪው በክዳኑ ላይ በብሩሽ የዕቃውን ዓይነትና ስሙን ይጽፋል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል። ሐማዳ ከእንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ሸክላዎቹ ላይ መፈረም ትቷል። ሣጥኑ ላይ ግን ይፈርም ነበር። ስለዚህ ሣጥን የሌለው የሐማዳ ሳህን ያለው ሰው ራስ ምታት አለበት። ሠሪው ከሞተ ልጁ ወይም የቤቱ ወራሽ ሸክላውን መርምሮ አዲስ ሣጥን ላይ ሊመሰክርለት ይችላል።

ለጀማሪ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። ጀማሪ ማሺኮ ይሄዳል። ከ1966 ጀምሮ እዚያ የሸክላ ገበያ ይቆማል፤ አሁን በፀደይና በመኸር ሁለት ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣው ወጣት ድንኳን ይተክልና ኩባያውን በራሱ እጅ ይሸጣል። ሣጥን የለም፤ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። የጋለሪ ሰዎችም በድንኳኖቹ መካከል ሲዞሩ ይውላሉ።