አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት

እንደምን አመሻችሁ። ለዛሬ ያዘጋጀሁትን ወሬ ለሌላ ሳምንት አቆይቼዋለሁ፤ የእህቴ ሰርግ ካለፈ ሦስት ሳምንት ቢሆነውም አንዲት አጭር ቪዲዮ እስከ አሁን እንቅልፍ እየነሳችኝ ነው።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ረገብ ብሎ፣ ከደቻቱ ወንዝ በኩል ትንሽ ነፋስ መምጣት ጀምሯል። የሙሽራው ወገኖች ጓይላቸውን፣ የትግርኛውን የክብ ጭፈራ፣ ይዘዋል፤ ከበሮ መቺዎቹ መሐል ቆመው፣ ሰዉ በግራው እነሱን እያደረገ በዝግታ ይዞራል። እኔ ስልኬን ከፍ አድርጌ እቀርጻለሁ። የሙሽራው አክስት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሸረጡ፣ እኔ ካለሁበት ሲደርሱ እርምጃቸውን ገቱ። ከፊታቸው የነበረችው ልጅ እየራቀች ስትሄድ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት ተከፈተ፤ እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው፣ ዘረጉ። «ነይ እንጂ ልጄ» ያሉ ይመስለኛል፤ ከበሮው ስለዋጠው በቪዲዮው አይሰማም። እኔ ፈገግ ብዬ ወደ ስልኩ በአገጬ አመለከትኩ። ሁለት ምት ያህል ጠበቁኝ። ከዚያ ሰፋ ሰፋ አድርገው ተራምደው ልጅቷ ላይ ደረሱ፤ ክፍተቱም ተዘጋ።

የሆነው ይኸው ብቻ ነው።

ሳስበው ግን፣ ክብ ሁሉ አንድ አይደለም። እስክስታ ሲሆን ጥንዶቹ መሐል ይገባሉ፤ ክቡን የሚሠራው የሚያጨበጭበው ሰው ስለሆነ፣ ቆሞ ማየትም ድርሻ ነው። ድሬ ያደግን ልጆች የምናውቀው ሸጎዬ ደግሞ ፊት ለፊት ነው፤ አንገትህን የምታንቀሳቅሰው ለሚያይህ ሰው ነው። ጓይላ ላይ ግን ከበሮው እስኪጣደፍና ሰዉ ዞሮ እስኪተያይ ድረስ የምታየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው፤ ፊትና ኋላ ስለሌለው በየትኛውም በኩል ይገባበታል፤ ዳር የቆመ ግን ውጭ ነው። ምናልባት እኔ የእሳቸውን ክብ እንደ እስክስታ ክብ ቆጥሬው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ወዲህ ከየአገሩ በመጣ ሰው በቆመች ከተማ አድጌ፣ ይህን አለማወቄ ያሳፍረኛል።

ሐረር ሸዋሊድ ላይም እንዲሁ ነበርኩ። ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ ከተማው ሌሊቱን ወጥቶ፣ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው እየተመታ፣ ወጣት ከሽማግሌ ተቀላቅሎ ሲጨፍር፣ እኔ ስልክ ይዤ ነበር። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ያንን ቪዲዮ በኩራት አሰራጭቻለሁ። አሁን ስከፍተው የራሴ ትንፋሽ እንኳ የለበትም።

ከበበ የሚለውን ቃል አስቡት። ጠላት ከተማን ይከብባል፤ የጀጎል ግንብ ሐረርን ይከብባል፤ ዘመድ ሙሽራን ይከብባል። አንዱ ያስጨንቃል፣ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ... ሦስተኛውን በአንድ ቃል ለመግለጽ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

እህቴ «እሳቸው ረስተውታል፤ አንቺ ነሽ የምታካብጂው» ትላለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ክቡ ሲዘጋ ጠባሳ አልተወም፤ አንድ ጊዜ ይህ ያጽናናኛል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሚከፋኝ ይኸው ነው። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ እላለሁ፤ ግን ስለ ምን ብዬ ነው የምጀምረው? እጃቸውን የዘረጉት ለእኔ ይሁን ከኋላዬ ለቆመ ሌላ ሰው እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ትናንት ማታ ቪዲዮውን እጃቸው ወደ ካሜራው ሲዘረጋ ላይ አቆምኩት። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ የሂና ቀለም አለ፤ መዳፋቸው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስላል። እኔ በየት በኩል ቆሜ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ቆየሁ፤ ከድንኳኑ ምሰሶ በስተቀኝ ይመስለኛል፣ ወይም...