ሹሩባ ለመማር የአማቱን ጋቢ የፈታው አባት

ሰናይት፦ እሺ፣ ገብተናል፣ መብራቱ በርቷል። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት የምናወራው ስለ ሴት ልጆች ፀጉር ነው። እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ወረፋ ነው። ሹሩባ፣ ጥምዝ፣ ጨሌ አደራረግ፣ ሁሉንም በየተራ እናያለን። በየተራ ነው ያልኩት፣ ብሩክ።

ብሩክ፦ ምነው እኔን አየሽ?

ሰናይት፦ ባለፈው ስለ ቡና ብለን ገብተን አርባ ደቂቃ ስለ አክስትህ ፍየል ስላወራህ ነዋ።

ብሩክ፦ ቡናና ፍየል ዝምድና የላቸውም ልትይኝ ነው?

ሰናይት፦ [ሳቅ] እሺ ተወው። መጀመሪያ የፀጉር ዓይነት...

ብሩክ፦ ከመጀመሪያው በፊት አንዲት ነገር ልበል? አጭር ናት።

ሰናይት፦ ይኸው። ሁለት ደቂቃ አልሞላንም።

ብሩክ፦ አምና ግንቦት ላይ ባለቤቴ ለሥልጠና ሀዋሳ ሄደች። ሦስት ሳምንት። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን ታውቂዋለሽ።

ሰናይት፦ ለሦስት ሰው የሚበቃ ፀጉር!

ብሩክ፦ ለሦስት ሰው! ባለቤቴ ከመሄዷ በፊት ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፋለች። ምሳ ዕቃ፣ የሳል ሽሮፕ፣ የመብራት ካርድ፣ ሁሉም አለ። ፀጉር የሚል የለም። ምክንያቱም ስትሄድ ሹሩባው አዲስ ነበር፤ እስክመለስ ይቆያል ብላ ነው። ልጅቷ ግን ሰባተኛው ቀን ላይ ግማሹን በጣቷ ፈትታ መጣች። ግማሽ ራሷ ሹሩባ፣ ግማሹ ፍሪዝ።

ሰናይት፦ ታዲያ ፀጉር ቤት አትወስዳትም?

ብሩክ፦ እሑድ ማታ ነው እኮ! ነገ ትምህርት አለ። ዩቲዩብ ከፈትኩ። አንዷ ሴትዮ «በጣም ቀላል ነው» እያለች ትሠራለች፣ ጣቷ ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም። እኔም ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ልጄ ሄዳ መስታወት አየች። ዝም አለች። ዝም ብላ ቆየችና «አባዬ፣ አልቋል?» አለችኝ።

ሰናይት፦ [ረጅም ሳቅ] ወይኔ! ፎቶውን ልኮልኝ ነበር እኮ። አድማጮች፣ በረዶ የመታው የገብስ ማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ቆሞ?

ብሩክ፦ የገብስ ማሳ ብላ ነው የመለሰችልኝ። ሌላ ቃል የለም። «የገብስ ማሳ»።

ሰናይት፦ አሁን ወደ ርዕሳችን። ሹሩባ ስንል...

ብሩክ፦ አላለቀም እኮ። በነጋታው ለእናቴ ደወልኩ። አልቅሼ ማለት ይቻላል። እማዬ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አንተ፣ ልጅ ሆነህ ጋቢ ትቋጭልኝ አልነበር? የሱው ነገር ነው» አለችኝ።

ሰናይት፦ ጋቢ?

ብሩክ፦ ጋቢ! ጋቢ ከሸማኔ ሲመጣ ጫፉ ላይ ክሩ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣው፣ አይደል? ከዛ ይቋጫል። እማዬ ጉልበቷ ላይ ትዘረጋውና ከጫፉ ክር ቆንጠር ታደርጋለች፣ ለሁለት ትከፍለዋለች። ሁለቱን ለየብቻቸው ወደ ቀኝ ታከራቸዋለች። ጠንከር እስኪሉ ድረስ። ከዛ አንድ ላይ አድርጋ ወደ ግራ ትጠመጥማቸዋለች። ወደ ግራ ነው ያልኩሽ፣ በተቃራኒው። ጫፉን ቋጠር። አለቀ። አትፈታም። ለምን? አንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል።

ሰናይት፦ ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ ጥምዝ ነው።

ብሩክ፦ ጥምዝ ነው! እኔ እሑድ ማታ ያበላሸሁት እሱን ነው። የልጄን ፀጉር ለሁለት ከፍዬ ዝም ብዬ እርስ በርሱ ስጠመጥም ነበር፤ ሳላከር። እጄን ስለቅ ይፈታል፣ እጠመጥማለሁ፣ ይፈታል። ዩቲዩቧ ሴትዮ ይህን አልነገረችኝም። በጣቷ ታደርገዋለች፣ በአፏ ግን አትልም።

ሰናይት፦ እኛም አንልም እኮ። እኔ ስንት ዓመት ስሠራ ወደ የት እንደማከር ጠይቀህኝ ቢሆን መልስ የለኝም። እጄ ነው የሚያውቀው።

ብሩክ፦ እና ልምምድ ያስፈልገኛል። ልጅቷ ላይ ልለማመድ አልችልም፣ አምርራለች። ቁም ሣጥን ከፈትኩ፣ ጋቢ አለ። የተቋጨ ነው። ጫፉን ፈታሁት።

ሰናይት፦ ፈታኸው? የማንን ጋቢ?

ብሩክ፦ ...አማቴ ለመልሳችን የሰጡኝን።

ሰናይት፦ [ሳቅ] ብሩክ! የአማትህን?

ብሩክ፦ አንዱን ጫፍ ብቻ! ሦስት ማታ ቋጨሁት። መጀመሪያ ጥምዝ፣ ከዛ በሦስት ዘለላ ጉንጉን። አሁን ያ ጋቢ አንዱ ጫፉ እንደ ማንኛውም ጋቢ ነው፣ ሌላው ጫፉ ሹሩባ ተሠርቷል።

ሰናይት፦ አማትህ አይተውታል?

ብሩክ፦ ፋሲካ ላይ ለብሼው ሄድኩ። ረስቼ። ጫፉን ያዝ አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። እስከ ዛሬ ምንም አላሉም።

ሰናይት፦ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ብሩክ፦ እሱ ነው።

ሰናይት፦ እሺ፣ በሞቴ፣ አሁን ርዕሱ። የኛ አገር የልጆች ፀጉር ብዙ ታሪክ አለው። የእናቴ አገር ሰቆጣ ነው። ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ሻደይ ይጫወታሉ። ላሊበላ አካባቢ አሸንድዬ ነው፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ። ረጅሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ፀጉሩ ግን ከቀናት በፊት ነው የሚጀመረው፤ ያልተሠራች ልጅ አትወጣም። አልባሶ የሚባለውን አይተሃል? ወፍራሙና ቀጭኑ ሹሩባ እየተፈራረቀ ወደ ኋላ የሚሄደው፣ ማጅራት ላይ ሲደርስ የሚለቀቀው?

ብሩክ፦ የትግራዩን?

ሰናይት፦ አዎ። ያ ቀጭኑ መስመር ነው ጉዱ። ወፍራሙን ማንም ይሠራዋል። በሁለት ወፍራም መሀል ያቺን የክር ያህል የምትሆን መስመር ሳትጠማዘዝ ከግንባር እስከ ማጅራት ማውረድ ነው ሙያ። እናቴ ትንሽ ልጅ ሆና ግን ሹሩባም አልነበራት፣ ጋሜ ነበረች። መሀል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ብቻ የቀረ። ወንዶቹ ቁንጮ፣ ሴቶቹ ጋሜ። ፀጉሩን በማየት ብቻ የልጅቷን ዕድሜ ታውቃለህ።

ብሩክ፦ ወንዶቹ ስትይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ሰናይት፦ አይ...

ብሩክ፦ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ልጄን ስሠራ አየኝና «ወንድ ልጅ ፀጉር ይሠራል እንዴ?» አለኝ። ቴዎድሮስን ማን ሠራቸው? አልኩት። አፄ ቴዎድሮስ በሥዕል ሁሉ ባለ ሹሩባ አይደሉም? አፄ ዮሐንስስ? ሹሩባ እኮ ድሮ የጦረኛ ነው።

ሰናይት፦ የሚሠሯቸው ግን ሴቶች ይሆናሉ።

ብሩክ፦ ዘመቻ ላይስ? መቅደላ አፋፍ ላይ? እሱን ተይው፣ ፀጉራቸው እኮ ለንደን ሄዷል። በ1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ እንግሊዞች ቆርጠው ወሰዱት። ዘውድ ወሰዱ፣ ታቦት ወሰዱ፣ እሺ ይሁን፣ ዝርፊያ ነው። ፀጉር ግን ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 መጋቢት ላይ ነው። ሁለት ቁራጭ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ።

ሰናይት፦ እሱን ዜና አስታውሳለሁ። እናቴ ቴሌቪዥን ፊት ቆማ ነው ያየችው። «ፀጉር እንኳ አገሩ ገባ» አለች።

ብሩክ፦ እና ጎረቤቴን ይህን ሁሉ ነገርኩት። «እኔ ስለ ቴዎድሮስ አልጠየቅኩህም» ብሎኝ ገባ።

ሰናይት፦ [ሳቅ] እውነቱን ነው! እኔም አልጠየቅኩህም። ስለ ልጆች ነው የምናወራው። ማጥበቅ ላይ እንምጣ፣ ሰው ብዙ የሚጠይቀን እሱን ነው። እኔ አቋሜ ግልጽ ነው። ሹሩባ ጠበቅ ካላለ አይቆይም። አዲስ ሹሩባ ሁለት ቀን ያማል፣ የታወቀ ነው። እኛም «ቻይው» እየተባልን ነው ያደግነው።

ብሩክ፦ አልስማማም።

ሰናይት፦ ትስማማለህ ብዬም አልጠበቅኩም፤ ያንተ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው።

ብሩክ፦ አራት! ስሚኝ። ባለቤቴ ከሀዋሳ እንደተመለሰች የገብስ ማሳውን አይታ ልጅቷን ፀጉር ቤት ወሰደቻት። ቆንጆ ተሠርታ መጣች፣ አልክድም። ግን ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቧል። የደነገጠች ነው የምትመስለው። ማታ ትራስ ላይ ራሷን ማሳረፍ አልቻለችም፣ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። በነጋታው ግንባሯ ዳር ላይ፣ ፀጉሩ የሚጀምርበት ላይ፣ ችፍ ችፍ ያለ ነጭ ነገር ወጣ። ሥሩ ተጎትቶ ነው።

ሰናይት፦ እሱ በጣም ሲበዛ ነው። እኔ የምለው መጠነኛ ማጥበቅ...

ብሩክ፦ መጠነኛ የሚባል የለም። ካመማት ጠብቋል። ሥሩ ላይ ላላ አድርገሽ ጀምረሽ መሀሉ ላይ ማጥበቅ ትችያለሽ እኮ። ግንባር ላይ ያለችዋ ለስላሳ ፀጉር ጭራሽ አትነካም፣ ትተይያታለሽ። ያቺ በየወሩ እየተጎተተች ከሄደች ሥሩ ይሞታል፣ መልሶም አይበቅልም።

ሰናይት፦ የምትሠራ እናት ግን በሦስት ቀን በሦስት ቀን ከየት ጊዜ ታመጣለች? ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት! ችግሩን አታይም አንተ።

ብሩክ፦ አያለሁ። አባት ይሥራ።

ሰናይት፦ ለመናገር ቀላል ነው።

ብሩክ፦ ሰኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ። ሻሽሽን ከግንባርሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው።

ሰናይት፦ አላደርግም።

ብሩክ፦ ለምን?

ሰናይት፦ ...እሱ ከወሊድ በኋላ ነው የሳሳው።

ብሩክ፦ በሁለቱ ጎን ብቻ ነው የወለድሽው?

ሰናይት፦ [ሳቅ] ተወኝ እስቲ! እሺ። ምናልባት። ሁለቱም ይሆናል። እናቴ እጇ ከባድ ነበር፣ እውነት ነው። ግን አሁንም ቢሆን ለበዓል ጠበቅ ያለ እመርጣለሁ። ለበዓል ብቻ።

ብሩክ፦ ለበዓል ብቻ። ተመዘገበ።

ሰናይት፦ አንተ ግን ቅቤ ተቀብተህ ስለማታውቅ ነው። ለኛ እኮ ሕመሙ ሳይሆን ቅቤው ነበር ጣጣው። ለጋ ቅቤ መሀል አናቴ ላይ እንደ ቆብ ተቀምጦ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ጠዋት ምንም የለም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትመታው በጆሮ ግንዴ ይወርዳል፣ የዩኒፎርሜ ኮሌታ ይጠጣዋል። ሒሳብ ደብተሬ ላይ ጠብ። ያቺ ገጽ ከጀርባዋ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይነበባል። የማካፈል ምልክትና የማባዛት ምልክት ተደራርበው። መምህሩ ደብተሬን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ «ይሄ የማን ወጥ ነው?» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እስከ ስምንተኛ ክፍል «ወጧ» ነበር ስሜ።

ብሩክ፦ [ሳቅ] ወጧ! ይህን ሁሉ ዓመት ሳትነግሪኝ!

ሰናይት፦ ፀጉሬ ግን ያኔ ነበር ፀጉር።

ብሩክ፦ ወጧ...

ሰናይት፦ በቃ! አምስት ደቂቃ ነው የቀረን፣ አንድ ጠቃሚ ነገር እንኳ ሳንናገር ልንወጣ ነው። ቶሎ ቶሎ። ደረቅ ፀጉር አይበጠርም። ውኃ ረጨት ረጨት ታደርጋላችሁ፣ ቅባት ወይ ኮንዲሽነር ጨምራችሁ፣ ማበጠሪያው ከጫፍ ይጀምራል፤ ጫፉን ፈታ፣ ትንሽ ከፍ፣ ፈታ፣ ከፍ፣ እያላችሁ ወደ ሥሩ። ከሥር ከጀመራችሁ ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ታች ገፍታችሁ አንድ ቦታ ታከማቹታላችሁ፣ ልጅቷም ታለቅሳለች።

ብሩክ፦ ማታ ይታጠባል፣ ጠዋት ይሠራል። በአንድ ቀን ሁለቱንም አትሞክሩ። የልጅ ትዕግሥት አንድ ካርቱን ነው።

ሰናይት፦ ወደ ኋላ የሚሄደው ሹሩባ ላይ ደግሞ፣ ሦስት ዘለላ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ፣ አንዷን ባሳለፋችሁ ቁጥር ከሥሯ ትንሽ ፀጉር ታነሳላችሁ። የምታነሱት እኩል ካልሆነ መስመሩ ያብጣል። እጃችሁ ከራስ ቅሏ አይራቅ። ወደ ላይ ከሳባችሁት ቆሞ ይቀራል።

ብሩክ፦ የገብስ ማሳ ይሆናል።

ሰናይት፦ የገብስ ማሳ ይሆናል። ጫፉን በባዶ ላስቲክ አታስሩ፣ ካሰራችሁም ስትፈቱ በመቀስ ቁረጡት፣ አትጎትቱት። ማታ ሻሽ። ጨሌ... ጨሌን አልነካነውም።

ብሩክ፦ ጨሌ ትምህርት ቤት አይሆንም። ልጄ በዞረች ቁጥር እንደ ጸናጽል ነበር። አስተማሪዋ ደውላልኛለች።

ሰናይት፦ ጨሌ ራሱን የቻለ ክፍል ይፈልጋል፣ ሳምንት እንመለስበታለን። በሉ፣ ሰዓታችን አልቋል፣ የዛሬውን እዚህ ጋ እንቋጭ።

ብሩክ፦ ለሁለት ከፍለሽዋል?

ሰናይት፦ ምኑን?

ብሩክ፦ መጀመሪያ ለየብቻ ወደ ቀኝ ይከርራል፣ ከዛ ነው የሚቋጨው...

ሰናይት፦ ደህና ሁኑ አድማጮቻችን! ማይኩን ዝጉበት።

ብሩክ፦ ...አለዚያ ይፈታል እኮ። ሰኒ? ዘጋሽው? አማቴ ይህን ይሰሙታል እንዴ?