ቦራ የት ይሄዳል?

ሄሎ ሄሎ። ይቀዳል? ቀይ መብራቱ በርቷል፣ እሺ። ስቀዳ ከኋላ የሚጮኸው ዶሮ ዛሬም አለ። ባለፈው «ዶሮውን በቋሚነት ቅጠሪው» ያላችሁኝ ሁሉ፣ ደመወዙን እናንተ ትከፍላላችሁ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ወረቀቱ እዚህ አለ። ግን ያቺ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀችኝም። ስለዚህ ላውራትና ይውጣልኝ። ከወጣልኝ።

ያው የፈረሶቻችን ሜዳ ላይ ነን፣ ሱሉልታ። ከሜዳው የቀረው ላይ ልበል። በየሳምንቱ አንድ አጥር ይበቅላል። 2015 ላይ ሸገር ከተማ ውስጥ ከገባን ወዲህ ደግሞ... ተዉት፣ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። ጉም ነበር። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ እንጦጦን አልፋችሁ ስትወርዱ ጆሮ የሚቆርጠውን። ሙሽሮች መጡ፣ ከፈረስ ጋር ፎቶ ሊነሱ። ጋሼ እንደ ልማዱ «እንግዲህ ፈረሱን ማን ሊያገባው ነው?» አለ። ቀልዱ አራት ዓመቱ ነው። እኔም አራት ዓመት ሙሉ እየሳቅኩለት ነው።

ፈረሳችንን ቦራን አወጣሁት። ጋማውን አበጠርኩለት፣ ቀዩን ግላስ ደረብኩለት። ሙሽራዋ ከጎኑ ትንሽ ወደ ኋላ ቆመች። እኔ ልጓሙን ይዣለሁ። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላል። ነፋስ መጣና ቬሎዋን አነሳው። ልክ ከጭራው ኋላ።

የፈረስ ዓይን ግራና ቀኝ ነው ያለው። ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። የሚሰወርበት ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለችውና ከጭራው ኋላ ያለችው ቦታ ብቻ ናት። ይህን ለመጣው ሰው ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። «ከኋላ አትምጡበት፣ ድምፅ አሰሙት» እያልኩ። እና ያ ነጭ ነገር ከዚያው መጣበት። ደነበረ። መደንበርም አይባል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ። የቀሚሷን ጫፍ ረገጠው። እግሯን አይደለም፣ ጨርቁን። ጭቃ ሆነ። ሙሽራዋ ጮኸች፣ ሚዜዎቹ ተቀበሏት።

ልጓሙን በኃይል ሳብኩት። ከዚያ በጠፍሩ ጫፍ ፊቱን መታሁት።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። መሳቡ እሺ፣ ሥራ ነው፣ ሰው እንዳይጎዳ ነው። ግን ስመታው ቆሞ ነበር። ቀድሞ ቆሟል። ይህቺን ነው ለራሴ እንኳ ማድበስበስ ያቃተኝ። ቆሞ፣ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ወደ እኔ አዙሮ። ፈረስ ጆሮው የዞረበት ልቡም እዚያ ነው። «እሺ፣ አሁንስ ምን ላድርግ?» እንደማለት ነበር። ከዚያ መታሁት። ስላጠፋ አይደለም። ሰው እያየኝ ነበር። «ፈረሷን እንኳ መያዝ አትችልም» እንዳይሉኝ ነው። አፍሬ ነው የመታሁት።

አንገቱን ወደ ላይ ወረወረ። ቀስ ብሎ አወረደው። ብረቱ በሚያርፍበት በከንፈሩ ጥግ፣ ለሀጩ ሮዝ ሆኖ ወረደ። ጥቂት ናት፣ በጣቴ ጠረግኳት። አንዷ ሚዜ ይዛት የመጣች ልጅ ነበረች፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። «ምን አጥፍቶ ነው?» አለች። እኔን አይደለም፣ እናቷን ነው የጠየቀችው። እናቷ «ዝም በይ» አለቻት።

ፎቶው ተነሳ። ቆንጆ ወጣ አሉ።

ደግሞ እኮ ፈረስ የዋጠውን ማስመለስ አይችልም፣ ታውቃላችሁ? አፈጣጠሩ ነው። ያልተስማማውን ነገር ከዋጠ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይታመምበታል። እና ዱላም እንደዚያ... አይ፣ ይሄ ግጥም ሆነ። ቁረጡት። ለነገሩ ቆራጯም እኔው ነኝ።

ሰሞኑን አራዳ ሄጄ የምኒልክ ሐውልት ሥር ታክሲ ስጠብቅ ነበር። በ1923 የቆመው፣ ጣሊያን በ1928 ነቅሎ የቀበረው፣ በ1933 ደግሞ የተመለሰው። ድሮ የማየው ንጉሡን ነበር። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ፈረሱ ላይ ነው። የፊት እግሮቹ ስንት ዘመን አየር ላይ! አንድ ሰው ያውርዳቸው እላለሁ። ደግሞ ንጉሡ አባ ዳኘው ነበር የሚባሉት። ዳኘው ፈረሱ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ትልቅ ሰው በፈረሱ ነበር የሚጠራው። በዚህ ስሌት እኔ እመ ቦራ መሆኔ ነው። እናቴ ብትሰማ! አሁንም ስትደውል «ሥራ አገኘሽ ወይ?» ነው የምትለኝ።

እና እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ፉርሽካና ገብስ ይዤ ሄድኩ። ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ነበር። እንዲያዞርብኝም ፈልጌ ነበር መሰለኝ። መጣ። እንደ ሁልጊዜው ግንባሩን ደረቴ ላይ አደረገ። ያቺ የማይታየው ቦታ ናት እኮ። ግንባሩን ሲያስጠጋኝ አያየኝም። ከዚያው በኩል ትናንት መትቼዋለሁ። አለቀስኩ። «ይቅር አለኝ» ብዬ።

ለጋሼ ነገርኩት። የሌላኛውን ፈረስ ኮቴ እየፋቀ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «ልጄ፣ ገብስ ይዘሽ ነው የሄድሽው» አለኝ።

ያ ነው የገደለኝ።

ቦራ እኛ ጋ ሳይመጣ የጋሪ ፈረስ ነበር። ትከሻው ላይ ያለችውን ጠባሳ የጋሪው ዕቃ ነው የበላው። ሲደክም አውጥተው ለቀቁት። አይታችኋል አይደል፣ አስፋልት መሀል ቆመው መኪና የሚዞራቸው ፈረሶች? እንደዚያ ነበር። ታዲያ እኔ ብመታው የት ይሄዳል? ይቅር አለኝ ወይስ መሄጃ አጣ? ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ያው ናቸው። ግንባር ደረት ላይ ነው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ደግሞ ለፈረስ?» ብለው። ከዚያ ዝም አሉ። መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚል እንዳለ አስታወሱኝና አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ፣ ቀለል አለኝም። ግን ለቦራ ከስግደቱ ምን ደረሰው? እሱ ገብሱን ያላምጣል። ምናልባት ይህ ጥያቄ ትዕቢት ነው። አላውቅም። የሚያውቅ ካህን ካለ ይጻፍልኝ፣ ግን እባካችሁ በድምፅ መልእክት አሥራ አምስት ደቂቃ አይሁን።

ዮሐንስ ወንጌል ላይ ብዙዎቹ ጥለውት ሲሄዱ ጌታ አሥራ ሁለቱን «እናንተስ?» ይላቸዋል አይደል። ጴጥሮስ «ወደ ማን እንሄዳለን?» ይላል። ይህችን ቃል ከልጅነቴ እወዳታለሁ። የፍቅር ቃል ትመስለኝ ነበር። ናትም። ግን አሁን ሳነባት የቦራ ድምፅ ይመጣብኛል። እናቴ የታመመች ጊዜ በየቀኑ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ነበርኩ። ወድጄ ነው? ወይስ የምሄድበት ስላልነበረኝ? ስትድን ደግሞ... እሱን ታውቁታላችሁ። ስንት ወር እንደቀረሁ አንዳንዶቻችሁ ቆጥራችሁልኛል።

ምናልባት መሄጃ ማጣትም አንድ ዓይነት... አይ። እንዲህ ስል ጋሼ ይታየኛል። «ገብስ ይዘሽ ነው» ሲል።

አንድ ቀን በሩን ከፍቼ፣ ባዶ እጄን፣ ሜዳው መሀል ልቁም ብዬ አስባለሁ። ይመጣ እንደሆነ ለማየት። ግን የጎጃም መንገድ እዚያው ነው፣ ከባድ መኪኖቹ እንዴት እንደሚበሩ ታውቃላችሁ። እና ባይመጣስ? ቢመጣስ ደግሞ፣ ልማድ አይደለም ወይ እላለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ቆይ... ጋሼ እየጠራኝ ነው። ሰማችሁት? «ፉርሽካው አልቋል» ነው የሚለው። ትናንት እኮ ነው የገዛሁት! መጣሁ ጋሼ! ቆይ፣ ይሄን የት ነው የማጠፋው...